የዌስ ጊልክሪስት አፍ የሚዘጋበት ቦታ

በስቶኒ ፎርድ መንደር ሰው ዳቦ ሊገዛ ከመውጣቱ በፊት በመስኮት አጮልቆ ያያል። ዝናቡን ፈርቶ አይደለም፤ ዌስ ጊልክሪስትን ፈርቶ ነው። ዌስ መንገድ ላይ ካገኘህ አለቀልህ። ጤናህን ይጠይቅሃል፣ መልሱን ራሱ ይመልስልሃል፣ ከዚያ የአያትህ ጎተራ እንዴት እንደተቃጠለ፣ ያቃጠለው ሰውዬ ኋላ ማንን እንዳገባ፣ ያገባት ሴትዮም በምን ነገር አኩርፋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ኢንቨርካርጊል ከተማ እንደወረደች ይተርክልሃል። ታሪኩ ኢንቨርካርጊል ሳይገባ ዳቦው ያልቃል። እስካሁን ሴትዮዋ እዚያ ደርሳ ምን እንደገጠማት የሰማ የመንደሩ ሰው የለም፤ ሁሉም መሀል ላይ "ድስት ጥጄ መጥቻለሁ" እያለ ያመልጣል።

ዌስ ዕድሜውን የፈጀው በግ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ሲነዳ ነው። በጎቹ ያዳምጡት ነበር፤ የት ይሄዳሉ? ጡረታ ሲወጣ ግን ያ ሁሉ ወሬ በሚስቱ በኖሊን ላይ ወረደ። ኖሊን አትከራከርም፤ ሹራብ ትሠራለች። እሱ ባወራ ቁጥር እሷ ስለምትሠራ ቤታቸው ውስጥ ሹራብ ያልለበሰ ዕቃ የለም። የሻይ ማንቆርቆሪያው ለብሷል፣ የበሩ እጀታ ለብሷል፣ ድመቷ ቅያሪ ሁሉ አላት።

ታዲያ ይህ ሰው አፉ የሚዘጋበት አንድ ቦታ ነበረው፤ የታም ካርጊል የአፕሪኮት ፍራፍሬ እርሻ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጠመንጃው ነው። ዌስ ጥንቸል የሚያድንባት የአየር ጠመንጃ ከወገቧ የምትታጠፍ አሮጌ ናት። በርሜሏን አጥፈህ አንዲት የእርሳስ ጥይት በጣትህ ታጎርሳታለህ፣ መልሰህ ትገጥማታለህ፣ ትተኩሳለህ። አንድ ጥይት፣ አንድ ተኩስ። እዚህ ኦታጎ አውራጃ ውስጥ በክረምት ጠዋት ደግሞ ሽንብራ የምታህል ጥይት ከኪስ ፈልጎ ማውጣት ቀልድ አይደለም፤ ጣት ይደነዝዛል፣ ጥይቷ ሣር ውስጥ ትወድቃለች፣ ጥንቸሉም ሮጦ ጉድጓዱ ይገባል። ስለዚህ ዌስ ልብስ ሰፊ መርፌ በከንፈሩ እንደሚይዘው ጥይቶቹን በከንፈሩ ይይዛል። እርጥብና ሙቅ ሆነው ተሰልፈው ይጠብቁታል። ጥይት በከንፈሩ የያዘ ሰው ደግሞ ማውራት አይችልም።

ታም ካርጊል ከወንዙ ማዶ ብቻውን የሚኖር፣ ድምፅ የሚጠላ ሰው ነው። ጥንቸል ዛፎቹን እየላጠ ቢጨርስበትም አንድም አዳኝ አይበረክትለትም ነበር። አንዱን "ያወራል" ብሎ አባረረው። ሌላውን "ያፏጫል" ብሎ። ሦስተኛውን ለምን እንዳባረረው ሲጠየቅ "ሊያወራ ነበር" አለ።

ዌስ ፈቃድ ሊጠይቅ የሄደ ዕለት በሩ አጠገብ ጥንቸል አየና፣ ከፈቀደልኝ እንዳላመልጠው ብሎ ጥይቶቹን አስቀድሞ ጎረሰ። ያኔ ታም ከውሃው ታንከር ጀርባ ብቅ አለ። ዌስ ጨነቀው። ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ መተኮስ ሕግ መጣስ ነው፤ ሕግ ደግሞ ለዌስ ነፍሱ ናት። መናገር እንዳይችል አፉ ሙሉ ነው። ሰው ፊት መትፋት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ጠመንጃውን አሳየ፣ ጥንቸሉን አሳየ፣ የተላጠውን ዛፍ አሳየ፣ በመጨረሻ ራሱን አሳየና ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

ታም ብዙ አየው። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ዌስ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጥይቱን ጎርሶ ይገባል፣ ታም ራሱን ይነቀንቃል፣ ዌስም ይነቀንቃል። በበጋ አንድ ሣጥን አፕሪኮት በሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በክረምት ዌስ የጥንቸሎቹን ቆዳ ያስቀምጥለታል፤ ታም ከዚያ ቆዳ ባለ ጆሮ ኮፍያ አሰፍቶ ያደርጋል። አንዴ ታም ለእርሻ መድኃኒት ሻጩ ስለ ዌስ ሲናገር፣ "ጨዋ ሰው ነው። ዝምተኛ" አለ። ሻጩ ወደ መንደር ወርዶ መጠጥ ቤት ውስጥ ይህን ሲያወራ አንዱን ሳቁ ቢራውን በአፍንጫው አስወጣው።

ለታም ግን እውነቱን የነገረው የለም። አንደኛ፣ ታም መንደር አይወርድም። ሁለተኛ፣ ታም ካባረረው ዌስ ቅዳሜንም ከኛ ጋር ሊውል ነው ብሎ መንደሩ በአንድ ድምፅ ዝም አለ።

ዌስም ይህን ያውቃል። ታም የሚያውቀውን ሰውዬ፣ ያንን ጨዋና ዝምተኛውን ዌስ፣ እሱ ራሱ ይወደው ነበር። የታምን በር ሲሻገር ሌላ ሰው ይሆናል። ትከሻው ቀጥ ይላል፣ አረማመዱ ይለወጣል። በዓለም ላይ አንድ ሰው እንኳ "መጣብን" ብሎ በመስኮት የማያየው እዚያ ብቻ ነው። ይህን ከሚያጣ አንድ እግሩን ቢያጣ ይመርጣል። (ይህንን ለኖሊን ነግሯታል። "እግርህ አያወራም፣ እሱ ይቆይ" አለችው።)

እንግዲህ መዓቱ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው።

ዌስ ለጉልበቱ ሄዶ ደሙ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ከደነዲን ከተማ አዲስ የመጣችው ወጣት ሐኪም ግራ ገባት።

"ቤታችሁ የድሮ ቀለም አለው?" አለች።

"ቀለም? የኔ እህት፣ ስለ ቀለም ካነሳሽ፣ ያ ቤት መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር፣ የቀባውም ሰው—"

"የድሮ የውሃ ቧንቧስ?"

"ቧንቧውን የዘረጋው ደግሞ የቀቢው አማች ነው፣ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም፣ ምክንያቱም—"

ኖሊን ከሹራቧ ቀና ብላ ዌስ ትንፋሽ የሚስብባትን ቅጽበት ጠበቀች። በዚያች ክፍተት ገባች። "ጥይት ይጎርሳል" አለች።

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። "ምን?"

"ጥይት። እንደ ከረሜላ።"

ቤት ሲገቡ ኖሊን የጥይቱን ቆርቆሮ ከጃኬቱ ኪስ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠችው። "ከዛሬ ጀምሮ ከነዚህ አንዷ አፍህ ውስጥ ስትገባ ባይ፣ ጠመንጃህን ከአፏ እስከ ሰደፏ ሹራብ አለብሳታለሁ። ገባህ አንተ ሰውዬ?"

"አሁን ታም ጋ ምን ይዤ ልገባ ነው? አፌ ባዶ ሆኖ?"

"ዝም ማለት የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ሁሉ በነፃ ይሠራዋል።"

"ሞክሬዋለሁ" አለ ዌስ ከልቡ አዝኖ። "አይመጣልኝም።"

ይህን ጊዜ ነው የኖሊን የእህት ልጅ ብሬት የሞቀ የሞቀውን ቺዝ ሮል፣ አይብ የተጠቀለለበትን ዳቦ፣ እያሸተተ የገባው። ብሬት ጎልማሳ ነው፣ ግን የአክስቱን ምድጃ ከሩቅ ያውቃል። ነገሩን ሲሰማ ወደ መኪናው ሮጦ አዲሱን ጠመንጃውን አመጣ። የታመቀ አየር ተሞልቶባት የምትተኩስ ጥቁር፣ ዘመናዊ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል ናት። ከመሀሏ ክብ የጥይት ካዝና መዘዘ።

"አጎት ዌስ፣ በዚህ ዘመን አንድ በአንድ የሚያጎርስ አለ? ይሄ ካዝና አሥር ይይዛል። ቀጭ ታደርጋለህ፣ ትተኩሳለህ። ቀጭ፣ ተኩስ። አፍህም ጣትህም አያገባቸውም።"

"አሥር ጥንቸል ተሰልፎ የሚቆምልህ የትኛው አገር ነው?"

"የመጀመሪያውን ብትስት ሁለተኛ አለህ እኮ!"

"ነገርኩህ እንግዲህ፤ ሁለተኛ አለኝ የሚል ሰው የመጀመሪያውን አያይም። እኔ አንድ ብቻ ስላለኝ አያለሁ። ሕጉስ ምን ይላል? ልትተኩስ ስትል ብቻ አጉርስ ይላል።"

"ካዝና ውስጥ ያለ ጥይት አልጎረሰም። ሕጉ ካዝና አይከለክልም።"

"ሕጉ ጅልነትንም አይከለክልም። ቀጭ ካደረግካት ጎርሳለች። ወሬ ይዞህ ረስተህ እንደገና ቀጭ ካደረግካት ሁለት ጎረሰች። ከዚያ ብትተኩስ አንዱም የላክህበት አይደርስም።"

"እኔ አልረሳም።"

"የእናትህን ልደት ረስተሃል።"

"ረስቷል" አለች ኖሊን፣ ሳህኑን ከብሬት ፊት ራቅ እያደረገች።

ዌስ ሕግ ካነሳ ደግሞ አይመለስም። ለተራው የአየር ጠመንጃ ዕድሜ መድረስ ይበቃል፣ በታመቀ አየር ለምትሞላው ግን የመሣሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሁለታችንም ስላለን እግዚአብሔር ይመስገን አለ። ወደ መንገድ አይተኮስም። በመንደር ግቢ ውስጥ አይተኮስም፣ ጎረቤት ቢለምንም። የአገሩ ወፍ አይነካም። የምትተኩስበት ነገር ምን እንደሆነ ያለ ምንም ጥርጥር ሳታውቅ ቃታ አይሳብም፤ ይህን አንድ ጊዜ ለማስረዳት ከኦክላንድ የመጣ ቱሪስት ነዳጅ ማደያ ላይ ይዞ፣ ሰውዬውን የለቀቀው የገዛው አይስክሬም መኪናው ውስጥ ሾርባ ከሆነ በኋላ ነው።

ብሬት ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ፤ ትዕግሥቱ ግን በነፃ አልነበረም። "ጠመንጃዋን አውሼሃለሁ" አለ። "በልዋጩ ታም ጋ አስገባኝ። አንተው ነህ 'የታም ጥንቸል ተረግጦ አያልቅም' እያልክ መጠጥ ቤት የምታወራው።"

"ታም አፈኛ አይወድም።"

"እኔ ነኝ አፈኛ? እኔ?"

ዌስ ጠመንጃዋን ተቀበለው፤ ስለ ታም ግን ቃል አልገባለትም።

ቅዳሜ ዌስ ባለ ካዝናዋን ጠመንጃ ይዞ፣ አፉ ባዶ ሆኖ ገባ። አመዳዩ መሬቱን ነጭ አድርጎታል። በአዲሶቹ ችግኞች ረድፍ ጫፍ ሁለት ጥንቸሎች የችግኝ ቅርፊት እየላጡ ተቀምጠዋል። ዌስ ተንበረከከ፣ ቀጭ አደረገ፣ በመነጽሩ አየ።

"እህ" አለ አፉ።

ዌስ ራሱ ደነገጠ። ጥንቸሎቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ዝም በል አለ በልቡ። አፉ ግን ለዓመታት እዚህ እርሻ ውስጥ ያላወራው ወሬ ሁሉ ተጠራቅሞበታል። "ዝም ብለሽ ተቀመጪ የኔ እመቤት" አለ ቀስ ብሎ። "ወፍራሟን ማለቴ ነው፣ አንቺን አይደለም። ወይ ጉድ፣ ይቺ የዛሬ ሁለት ዓመቷን አትመስልም? ያቺ ደግሞ—"

ተኮሰ። ጥንቸሎቹ ሄደው ነበር። ቢሄዱም ቀጭ አደረገና ደግሞ ተኮሰ፤ ሁለተኛ አለኛ! ቀጥሎ ሌላ ረድፍ ገብቶ ሌላ ጥንቸል አገኘ፣ ሰላምታ ሰጠው፣ ሳተው። ወሬ ይዞት አንዴ ሁለት አጎረሳት፤ ሁለቱም እግሩ ሥር አመዳይ ላይ ጠብ አሉ። ካዝናው ባዶ ሲሆን አንድም ጥንቸል አልወደቀም፣ እሱ ግን አንድ መጽሐፍ የሚሞላ ወሬ አውርቷል።

ቀና ሲል ታም ከረድፉ ጫፍ ቆሟል፣ ባለ ጆሮ ኮፍያውን አድርጎ። ዌስ ከንፈሮቹን ገጥሞ ጉንጮቹን ነፋ፤ ጥይት የጎረሰ እንዲመስል። ታም ቀረብ ብሎ አየው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን ተልጦ የሞተ ችግኝ አሳየው። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ።

"በዝተዋል" አለ ታም።

ዌስ በጉንጩ አዘነ።

"ያ ልጅም መጥቶ ጠይቆኛል።" ታም ይህን ያህል ከተናገረ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። "ቅዳሜ። ሁለታችሁም። ብዙ የገደለው ይቆያል።"

ዌስ ራሱን ነቀነቀና እስከ መኪናው ድረስ ጉንጩን እንደነፋ ሄደ። በሩን ዘግቶ ሲተነፍስ መስታወቱ በጉም ተሸፈነ። "ብሬት!" አለ ለመሪው። "ቺዝ ሮሌን በልቶ!"

ያ ሳምንት የጭንቅ ሳምንት ነበር። ዌስ በመጀመሪያ የናና ከረሜላ ሞከረ፤ ሲያኝከው ለጎረቤቷ በሩን የሚያንኳኳ ሰው መሰላት። ጠንካራ ቶፊ ሞከረ፤ የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርሱ ከታችኛው ጋር ተጣብቆ ኖሊን በሙቅ ውሃ አላቀቀችለት። (እሷን ብትጠይቃት፣ ቸኩላ አላላቀቀችውም።) አፉን በሻርፕ አሰረ፤ በሻርፑ ውስጥ አወራ። የብሬትን ጠመንጃ ጥሎ ወደ አሮጌዋ ተመለሰና ጥይቱን በኪሱ አድርጎ ሞከረ፤ በደነዘዘ ጣቱ አንዱን ሲያወጣ ሁለቱ ወደቁ፣ በወደቁ ቁጥር የሚሳደበው ስድብ ደግሞ ከወሬው ይብሳል።

"ኖሊን፣ አለቀልኝ" አለ ማታ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ። "በካዝናዋ ብሄድ አወራለሁ። በአሮጌዋ ብሄድ እሳደባለሁ። ታም ያባርረኛል። ብሬት ይገባል። ብሬት! ጥንቸል ሲያይ ዳንኪራ እንደያዘው የሚንቀጠቀጠው ልጅ! ታም እኮ ጨዋ ሰው ይለኛል። ሌላ ጨዋ ያለኝ ሰው አለ? አንቺ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

ኖሊን ሹራብ ትሠራ ነበር። ግን የዚያን ምሽት የምትሠራው ነገር ትንሽ ነበር። ስትጨርስ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና እጁን ይዛ አለበሰችው። የእጅ አንጓ ላይ የሚጠለቅ ጥብቅ ሹራብ ነው፤ ዙሪያውን ጥይት ጥይት የሚያክሉ ጠባብ ኪሶች ተሰፍተውበታል። ዌስ በጣቱ ገፋ ሲያደርግ ጥይቷ ራሷን ብቅ አደረገች።

ቀጥላ ጓዳ ገባችና ለማርማላታ የምታስቀምጣቸውን፣ ከአፕሪኮት ውስጥ የወጡ ጠንካራ ፍሬዎች ይዛ መጣች። አንዱን አጥባ በመዳፏ ሰጠችው። "ጉረሰው" አለች።

ዌስ ጎረሰው። የታም አፕሪኮት ፍሬ ትልቅ ነው፤ ከምላሱ በላይ ልክ እንደ ቡሽ ገጠመ። ሊያመሰግናት ፈለገ። "ምምም" አለ።

ኖሊን ተቀመጠች። ቤቱ ጸጥ አለ። የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ሰማች። ይኸው ሰዓት ስንት ዓመት ሙሉ ይህን የመሰለ ድምፅ ነበረው እንዴ? "ዛሬ ማታ እዚያው ይቆይ" አለችው በፍቅር። "ለልምምድ።"

ቅዳሜ ጠዋት ዌስ ከአሮጌዋ ጠመንጃው ጋር፣ በአንጓው ሹራብ፣ በአፉ ፍሬ ይዞ በበሩ ሲገባ ትከሻው ቀጥ ብሎ ነበር። ታም ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ። ዌስም ነቀነቀ። እንደ ድሮው። ብሬት ከእርሻው ማዶ በኩል ገባ፤ ወዲያው ቀጭ፣ ጷ፤ ቀጭ፣ ጷ ሲል ተሰማ።

ዌስ አልቸኮለም። ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። አንድ ጥንቸል ወጣ፤ አየ፣ ከጀርባው ምን እንዳለ አየ፣ ተኮሰ፤ ወደቀ። በርሜሏን አጠፈ፣ ከአንጓው አንዲት ጥይት ገፋ አደረገ፣ አጎረሳት። አንድም ቃል አልወጣም። ሌላ ወጣ፤ ወደቀ። ፀሐይ ኮረብታው ላይ ስትወጣ ዌስ ደስታው አፉን ሞላው፤ ፍሬው ግን ቦታ አልሰጠውም።

ከዚያ ነው ያየው። ከችግኞቹ መሀል፣ ከረጅሙ ሣር ውስጥ አንድ ቡናማ ጸጉር ይንቀሳቀሳል። ትልቅ ነው። ጆሮ አለው። ዌስ ጠመንጃውን አነሳና እንደ ልማዱ ሳይተኩስ አየ። ከግራ ጆሮው ሥር ነጣ ያለ ቦታ አለው። ይህን ነጭ ያውቀዋል። ይህንን ጥንቸል የዛሬ ሦስት ክረምት ገድሎታል!

የታም ኮፍያ ነው። ታም ሥሩ አለ፤ በደረቱ ተኝቶ ለችግኙ የሽቦ መከላከያ ይጠመጥማል።

"ጷ!" አለ ከማዶ። የኮፍያው አናት ላይ ያለው ጸጉር ብን አለ። ታም ቅርንጫፍ የነካው መስሎት በእጁ ጠረግ አደረገና ሥራውን ቀጠለ።

"መታሁት!" አለ የብሬት ድምፅ። "ቆይ፣ አልወደቀም እንዴ?" ከዚያም ያቺ ድምፅ መጣች። ቀጭ።

ዌስ ስለ ታም፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ጨዋው ዌስ አሰበ ማለት ውሸት ነው፤ አላሰበም። ፍሬውን እንደ ጥይት ተፋው።

"ብሬት! አትተኩስ! ኮፍያ ነው! ሰውዬ አለበት! ጣላት! መሬት ላይ ጣላት አልኩህ፣ አንተ ዓይንህን አይብ የጋረደው! የምትተኩስበትን ሳታውቅ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ? ሁለተኛ አለኝ ብለህ ነው አይደል? ቀጭ! ቀጭ! የአንተ ዘር ሁሉ ሳያይ ነው የሚነካው! አያትህም ሳያዩ ነው የታምን አባት የውሃ ቦይ ያዞሩት፣ በጨለማ የራሳቸውን መስሏቸው፣ ከዚያ ዛፉ ሁሉ ሲደርቅ አፍረው ዝም አሉ፣ ለሚስታቸው ብቻ ነገሩ፣ ሚስታቸው ለእናቴ ነገረች፣ እናቴም—"

ታም ከሣሩ ውስጥ ቀስ ብሎ ተነሳ። ኮፍያውን አውልቆ በቀዳዳው ሰማዩን አየ።

ዌስ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ዘገየ።

"ትናገራለህ" አለ ታም።

"አዎ" አለ ዌስ በእጁ ውስጥ።

"ብዙ።"

"በጣም።"

ብሬት ፊቱ እንደ አመዳዩ ነጥቶ፣ ጠመንጃውን በክንዱ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። "ጌታዬ፣ እኔ እኮ ጥንቸል መስሎኝ—"

ታም እጁን ዘረጋለት። ብሬት አልገባውም። ታም ወደ ጠመንጃዋ መሀል ጠቆመ። ብሬት ካዝናውን መዝዞ ሰጠው፤ ታም ኪሱ ከተተውና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ የዌስን እጅ ያዘና ያንን የአንጓ ሹራብ አወለቀ፣ ብሬት ላይ አጠለቀው።

"አንድ በአንድ" አለ። "አይተህ።"

ዌስ ጠመንጃውን አንስቶ ወደ በሩ ዞረ። ትከሻው ወርዷል። ገና መኪናው ጋ ሳይደርስ መንደሩ ምን እንደሚል ይሰማው ነበር፤ "ከእንግዲህ ቅዳሜንም?" ብለው መስኮት ሲዘጉ ታየው። የእርሻውን በር ከፈተ።

"ቦዩን" አለ ታም ከኋላው።

ዌስ ዞረ።

ታም ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ ቆሟል። እንደ ልጅ አፍሯል። "አባቴ ቦዩን ማን እንዳዞረው ሳያውቅ ሞተ" አለ። ይህ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ነው ይባላል። "ሚስትየዋ ለእናትህ ነገረች። ከዚያስ?"

ዌስ አየው። "ከዚያስ" የሚለውን ቃል ከሰው አፍ ከሰማ ስንት ዘመኑ ነው! ከዚያ በሩን ዘጋው፤ ከውስጥ በኩል።

ሁለት የፖም ሣጥን ገልብጠው ተቀመጡ።

አሁን ቅዳሜ ጠዋት በወንዙ ዳር ያለፈ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ብሬት በአንጓ ሹራብ፣ በደነዘዘ ጣት፣ አንዲት ጥይት እያጎረሰ፣ ሁለት ጊዜ እያየ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፤ የሚገድለውም ከድሮው ይበልጣል፣ ግን ይህንን ለዌስ አላመነለትም። በሣጥኖቹ ላይ ዌስ ያወራል። ቀዳዳ ኮፍያ ያደረገው ታም አንገቱን አስግጎ ይሰማል። መንደሩም ቅዳሜው አልተነካበትም። እንዲያውም ታም አሁን ማክሰኞም ይምጣ ማለቱ ሲሰማ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ለታም ጤንነት ተጠጣ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ዌስ አልፎ አልፎ ያንን ዝምተኛ ሰውዬ ይናፍቀዋል። ጉሮሮው ደርቆ ሲደክመው ከኪሱ የአፕሪኮት ፍሬ ያወጣና ጎርሶ፣ ትከሻውን ቀጥ አድርጎ ኮረብታውን ያያል። ታም ትንሽ ይታገሠዋል። ከዚያ ሳይናገር መዳፉን ከዌስ አገጭ ሥር ይዘረጋል።

ዌስ ፍሬውን ይተፋለታል።

"እሺ" ይላል ታም። "ሻንጣዋን ይዛ ኢንቨርካርጊል ወረደች። ከዚያስ?"